ኢ-ካድሄሪን፦ አልታየም

የምርመራው ውጤት ሁለት ገጽ ነው። እህቴ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝና ወዲያው ደወለች። «እኔ አላነበውም። አንቺ አንብቢውና ማወቅ ያለብኝን ንገሪኝ» አለችኝ። ታላቄ ናት። ልጅ ሆኜ የሚያስፈራኝን ነገር ሁሉ ቀድማ አይታ «ምንም የለም፣ ነይ» የምትለኝ እሷ ነበረች። አሁን ተራው የእኔ ሆነ።

የጡት ካንሰር መሆኑን ከሳምንት በፊት ሰምተናል። ወረቀቱ የሚናገረው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ነው። የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ 90 በመቶ። ሄር-ቱ፣ 1+። ኪ-67፣ 12 በመቶ። ከነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ አንድ አጭር መስመር፦ ኢ-ካድሄሪን፣ አልታየም።

አራቱም የፕሮቲን ስሞች ናቸው። ያኔ ይህንንም አላውቅም ነበር። ስለ ሦስቱ የሆነ ቦታ ሰምቼ ነበር። አራተኛውን ግን ሰምቼው አላውቅም። ሌሊቱን ስልኬን ይዤ ፈለግኩት። ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ፕሮቲን ነው ይላል። እሺ። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ግን «ሲጠፋ የካንሰር ሴሎች ከጎረቤቶቻቸው ተላቀው ይሰራጫሉ» የሚል ነበር። ስልኩን አስቀመጥኩት። መልሼ አነሳሁት። በሌላ ቦታ ፈለግኩ፤ ያው ነው። እስኪነጋ ዓይኔን አልከደንኩም።

ጠዋት እህቴ ስትደውል «ሆርሞን የሚቀበለው ዓይነት ነው፣ መድኃኒት አለው» አልኳት። እውነት ነው። የመጨረሻውን መስመር ግን ዘለልኩት።

ይህን የምጽፈው ያን መስመር በትክክል ለማንበብ ወራት ስለፈጀብኝ ነው። ዛሬ ማታም ያንኑ ቃል ብቻዋን የምትፈልግ አንዲት ሴት ትኖራለች ብዬ አስባለሁ።

ከማጣበቂያው ልጀምር። በጡት ውስጥ ወተት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ውስጣቸው ጎን ለጎን በተጣበቁ ሴሎች ተለብጧል። ኢ-ካድሄሪን ከእያንዳንዱ ሴል ገጽ ወጣ ብሎ የጎረቤቱን ኢ-ካድሄሪን ይይዛል። እጅ ለእጅ መያያዝ በሉት። ለዚህ ካልሲየም ያስፈልገዋል። ካልሲየም ሲጎድል መያያዙ ይላላል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ማሳቶሺ ታኬይቺ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ይህን የፕሮቲን ቤተሰብ ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ካልሲየም ሲኖርና ሳይኖር ሴሎች እንዴት እንደሚጣበቁ እያስተያየ። የፕሮቲኑ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ በሴሉ ውስጥ፣ ካቴኒን በሚባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት፣ ከሴሉ አጽም ጋር ታስሯል። ስለዚህ ጎረቤት ሲጎትተው ሴሉ እስከ ውስጡ ድረስ ይሰማዋል። ብቻውን እንዳልሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው ማለት ይቻላል።

በቀጠሮው ቀን አብሬያት ሄድኩ። እህቴ አንድ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀች። «ዶክተር፣ ራሱን ማየት እችላለሁ?» አለች። ናሙናውን ያነበቡት የፓቶሎጂ ሐኪም ትንሽ ካሰቡ በኋላ ሁለት ሰው አብሮ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ ጋ ወሰዱን። አንደኛውን መመልከቻ እሳቸው ያዙ፤ ሌላውን እኔና እሷ እየተፈራረቅን አየንበት።

ኢ-ካድሄሪን ያለበት ቦታ ቡኒ ሆኖ እንዲታይ ተደርጎ የተቀባ ስስ ቁራጭ ነው። የሴሎቹ አስኳል ሰማያዊ ነው። በአንዱ ጥግ ጤነኛ ቱቦ ነበረ። እያንዳንዱ ሴል ዙሪያውን ቡኒ መስመር ተስሎበታል፤ መስመሮቹ ሲጋጠሙ የማር እንጀራ ይመስላሉ። ሐኪሙ መስታወቱን በቀስታ ገፋ ሲያደርጉት ቡኒው አለቀ። ትንንሽ ሰማያዊ ነጠብጣቦች መጡ። ዙሪያቸው ምንም የለም። ነጣ ባለው ሥጋ መሃል አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው ይሄዳሉ። አንድ ቦታ ላይ በጤነኛው ቱቦ ዙሪያ ክብ ሠርተዋል።

እህቴ ለረጅም ጊዜ ዓይኗን ከመመልከቻው አላነሳችም። «ጉንዳን ይመስላሉ» አለች በመጨረሻ።

«ሎቡላር የሚባለው ዓይነት ነው» አሏት። «ከመቶ የጡት ካንሰር አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት የሚሆነው እንዲህ ነው። ኢ-ካድሄሪንን የምንቀባው ዓይነቱን ለመለየት ነው። በአብዛኛው ሎቡላር ላይ ይጠፋል፤ የቱቦው ካንሰር ላይ ይገኛል። መታወቂያው ነው። እንደ ፍርድ አያንብቡት።»

እኔ ያን መስመር እንደ ፍርድ ካነበብኩት ሦስት ሳምንት አልፎኝ ነበር። ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ፤ እህቴ ፊቴን እንድታይ አልፈለግኩም።

አንድ ነገር ደግሞ ወዲያው ገባኝ። እህቴ በእጇ ዳብሳ እብጠት አላገኘችም ነበር። ያስጠረጠራት አንድ ወፈር፣ ጠጠር ያለ ቦታ ነው። ማሞግራሙም (የጡት ራጅ) በደንብ አላሳየውም። ሴሎቹ እርስ በርስ ስለማይያያዙ ድቡልቡል ዕጢ ከመሥራት ይልቅ በሰልፍ ይዘረጋሉ። ስለዚህ ለእጅም ለማሞግራምም ያስቸግራሉ። የአንድ ፕሮቲን መጥፋት አንዲት ሴት ገላዋን ስትታጠብ ጣቷ ሥር ምን እንደሚሰማት ይወስናል። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እባካችሁ፣ እብጠት ባይኖርም የተለወጠ፣ የወፈረ፣ የተሸበሸበ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ነገር ካያችሁ ታዩ።

ታዲያ ማጣበቂያው መጥፋቱ ፍርድ ካልሆነ ካንሰር የሚሰራጨው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ያስገረመኝ የመንገዱ ክብደት ነው። በ1970 አይሳያ ፊድለር የሚባል ተመራማሪ ራዲዮአክቲቭ ምልክት ያደረገባቸውን የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) ሴሎች በአይጥ ደም ውስጥ ለቀቀ። በማግስቱ በሕይወት የተገኙት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ዕጢ መሥራት የቻሉት ከዚያም ያንሳሉ። የደሙ ግፊት ይቀጠቅጣቸዋል። የበሽታ መከላከያ ሴሎች ያሳድዷቸዋል። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ከሴሉ ይጠባሉ። እኔ ደግሞ ያን ሌሊት አንድ ሴል ከተላቀቀ ሁሉም ነገር ያበቃ መስሎኝ ነበር።

በየደረጃው ሴሉ የተለየ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ከቱቦው ለመውጣት ዙሪያውን ያለውን ስስ ግድግዳና ሥጋውን አጽንቶ የሚይዘውን ኮላጅን መቁረጥ አለበት። ይህን የሚሠሩት ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ናቸው። እነዚህ ኢንዛይሞች ከውጭ የመጡ ጠላቶች አይደሉም። ቁስላችን ሲድን ይሠራሉ። ጡት በጉርምስና ሲያድግ፣ ሕፃኑ ጡት ከጣለ በኋላ ደግሞ ወደ ቦታው ሲመለስ ይሠራሉ። በ1990ዎቹ እነሱን የሚያግዱ መድኃኒቶች ብዙ ተስፋ ተጥሎባቸው ነበር። በሰው ላይ ሲሞከሩ የሕመምተኞችን ዕድሜ አላራዘሙም፤ ይልቁንም የመገጣጠሚያ ሕመም አመጡ። የኢንዛይሞቹ ቤተሰብ ከሃያ በላይ አባላት አሉት። ሥራቸው ይለያያል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ካንሰርን የሚገቱ ሆነው ተገኙ።

ትዊስት የሚባለው ፕሮቲንም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ የታወቀው በዝንብ ሽል ላይ ነው። ሽል ሲሠራ አንዳንድ ሴሎች ተነቅለው ወደ ሌላ ቦታ መሄድ አለባቸው፤ እንዲነቀሉ ከሚያዟቸው ፕሮቲኖች አንዱ እሱ ነው። በ2004 የተመራማሪው ሮበርት ዋይንበርግ ቤተ ሙከራ ይህን ፕሮቲን በአይጥ የጡት ካንሰር ሴሎች ውስጥ ሲቀንሰው ወደ ሳንባ የሚሄደው ስርጭት ቀነሰ። ትዊስት ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ኢ-ካድሄሪንን ማጥፋት ነው። ሁላችንም እዚህ የደረስነው እንዲህ ያለ ፕሮቲን በማህፀን ውስጥ በጊዜው ተነስቶ በጊዜው ስለተኛ ነው። ካንሰሩ ያለጊዜው ይቀሰቅሰዋል።

እስከዚህ ድረስ የሌሊቱ ንባቤ ትክክል ይመስላል። ማጣበቂያው ሲጠፋ ሴሉ ይነቀላል። ከዚያ ግን በ2019 የወጣ አንድ ጥናት አነበብኩ። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአንድሩ ኤዋልድ ቡድን ማጣበቂያው ካልጠፋባቸው የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ኢ-ካድሄሪንን አጠፋ። ሴሎቹ እንደተጠበቀው ከዕጢው ወጥተው በዙሪያው ወዳለው ሥጋ በብዛት ገቡ። ነገር ግን ብዙዎቹ ሞቱ። ደም ውስጥ የተገኙት ጥቂት ናቸው። ሳንባ ደርሰው ዕጢ የሠሩት ደግሞ እጅግ ያነሱ ነበሩ። ያለ ማጣበቂያው መውጣት ቀሏቸው፤ መኖር ግን አቃታቸው።

ይህን ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ያው ፕሮቲን ሲወጡ ልጓም ነው፣ መንገድ ላይ ስንቅ ነው። የእህቴ ዓይነት ካንሰር ደግሞ ያለ እሱ መኖርን የለመደ ነው፤ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ አለው። ስለዚህ «ይህ ፕሮቲን ከሌለ ይሰራጫል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ውሸት ባይሆንም፣ ለአንዲት ሕመምተኛ የሚነግራት ነገር በጣም ትንሽ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ግኝት አለ። በ2014 ኒኮላ አቼቶና ባልደረቦቹ በደም ውስጥ የሚዞሩ የጡት ካንሰር ሴሎችን አጠኑ። ብዙዎቹ ነጠላ ናቸው። አንዳንዴ ግን ተያይዘው በቡድን በቡድን የሚዞሩ ይገኛሉ። እነዚህ ጥቂት ናቸው፤ በአይጥ ላይ ሲታይ ግን ዕጢ የመትከል አቅማቸው ከነጠላው ከ23 እስከ 50 ጊዜ ይበልጣል። የሚያያይዛቸው ፕላኮግሎቢን የሚባል፣ እሱም ከማጣበቂያ ወገን የሆነ ፕሮቲን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ለበጎ ነበር። ሴሎቹም የሚያውቁት ይኸንኑ ነው።

መድረስ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ስቲቨን ፓጄት በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን መዝገብ ተመለከተ። ካንሰሩ እንደ ዕድል የትም አይወድቅም ነበር። ጉበት ላይ በብዛት ነበረ፤ ተመሳሳይ ደም የሚደርሰው ጣፊያ ላይ ግን ብርቅ ነው። ዘር በየአቅጣጫው ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን በሚስማማው መሬት ላይ ብቻ ነው አለ። ጭንጫ ላይ የወደቀውን ዘር ለምናውቅ ሰዎች ይህ ለመረዳት አይከብድም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2001፣ የዚያ መስማማት አንዱ ክፍል በፕሮቲን ስም ተጻፈ። የጡት ካንሰር ሴሎች ሲኤክስሲአር-4 የሚባል ተቀባይ ይሸከማሉ። ተቀባዩን የሚጠራው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ በሳንባ፣ በጉበት፣ በመቅኒና በንፍፊት በብዛት ይመረታል። ካንሰሩ አዘውትሮ የሚሄደውም ወደነዚህ ነው።

አጥንት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እህቴ የምትፈራው እሱን ነው። ከብብቷ ከወጡት ንፍፊቶች በአንዱ ውስጥ ካንሰር ተገኝቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀርባዋን ትንሽ ባመማት ቁጥር ፊቷ ይለወጣል። አንድ ጊዜ ለሁለት ሳምንት አልለቃትም። አጥንቷን ተመረመረች፣ ደህና ሆኖ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ያለፉት ቀናት ግን አይረሱኝም።

አጥንት በድን ነገር አይደለም። ሲፈርስና ሲሠራ ነው የሚኖረው። አፍራሽ ሴሎች አሉ፣ ገንቢ ሴሎች አሉ። የጡት ካንሰር ሴል እዚያ ከደረሰ አንድ ሆርሞን መሳይ ፕሮቲን ይለቃል። ገንቢዎቹ ይህን ሲሰሙ ራንክ-ሊጋንድ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ያወጣሉ። አፍራሾቹን የሚቀሰቅሳቸው ይህ ነው። አጥንቱ ሲሟሟ ውስጡ ተከማችቶ የነበረ ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባል ፕሮቲን ይለቀቃል፤ ካንሰሩ እሱን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ፕሮቲን አብዝቶ ያመርታል። እንደገና ከመጀመሪያው። ካንሰሩ አጥንቱን በገዛ እጁ አያፈርሰውም ማለት ነው፤ የእኛኑ ሠራተኞች ያዛቸዋል። ይህን ዙር ማወቅ ዋጋ ነበረው። ራንክ-ሊጋንድን የሚይዝ ዴኖሱማብ የተባለ ጸረ እንግዳ አካል ተሠራ፤ ከ2010 ጀምሮም ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ ለገባ ሰዎች ይሰጣል። ካንሰሩን አያጠፋውም። ስብራትን ግን ይቀንሳል። ሳይሰበሩ መራመድ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሄር-ቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1987 ዴኒስ ስሌመንና ባልደረቦቹ የ189 ዕጢዎችን ናሙና አይተው የዚህ ፕሮቲን ዘረ-መል የበዛባቸው ሴቶች ካንሰሩ ቶሎ እንደሚመለስባቸው አሳዩ። ያኔ መጥፎ ዜና ነበር። በ1998 ያንኑ ፕሮቲን የሚይዝ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የመጥፎ ዜናው ምልክት የመድኃኒቱ መያዣ ሆነ። የእህቴ 1+ እንደ ኔጌቲቭ ነው የሚቆጠረው። ያን ሌሊት «ይሄ ምንም አይደለም» ብዬ አልፌው ነበር። በ2022 ግን የተሰራጨ ካንሰር ባላቸው፣ እንዲህ ትንሽ ሄር-ቱ ብቻ በተገኘባቸው ሴቶች ላይ፣ ኬሞ የተጫነበት አዲስ ትውልድ መድኃኒት ዕድሜ እንደሚያራዝም ታየ። አያስፈልጋትም፣ እንዳያስፈልጋትም እለምናለሁ። ግን የፈራሁት መስመር የፈራሁትን ሳይሆን ቀርቶ፣ የናቅኩት መስመር አንድ ቀን በር ሊሆን ይችላል።

በየጊዜው «ካንሰርን የሚያሰራጨው ፕሮቲን ተገኘ» የሚል ርዕስ አያለሁ። ድሮ ልቤ ይዘል ነበር። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው በሳህን ላይ ባደጉ ሴሎች ነው፣ በአይጥ ነው ወይስ በሰው ብዬ ነው። ይህን የምለው ሥራውን ለማናናቅ አይደለም። በዓለም ቤተ ሙከራዎች በብዛት ከሚያገለግሉት የጡት ካንሰር ሴሎች መካከል ኤምሲኤፍ-7 የሚባሉት አሉ። ዲትሮይት ውስጥ ከአንዲት መነኩሴ የተገኙ ናቸው። ካንሰሩ ተሰራጭቶ በሳንባቸው ዙሪያ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ ከዚያ ውኃ የተወሰዱት ሴሎች ማደጋቸው በ1973 ታተመ። እሳቸው ካለፉ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ስለ ኢስትሮጅን ተቀባይ የምናውቀው ብዙ ነገር በሴሎቻቸው ላይ የተገኘ ነው። እህቴ የምትውጠው ኪኒን ውስጥ የሳቸው ድርሻ አለበት።

አዎ፣ ኪኒኑ። የኢስትሮጅን ተቀባይን ኤልውድ ጄንሰን በ1958 ሲያሳይ ሆርሞን በፕሮቲን በኩል ይሠራል የሚለው ሐሳብ ገና አዲስ ነበር። በእህቴ ሴሎች ላይ ከመቶ ዘጠናው ይህ ተቀባይ አላቸው። ኢስትሮጅን ሲደርሰው «ተባዙ» ይላል። መድኃኒቷ የሚሠራው ይህ ትእዛዝ እንዳይደርስ ነው። ቀዶ ሕክምናው፣ ጨረሩ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ ለምን ዓመታት እንደሚወሰድ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የዚህ ዓይነት ካንሰር ሴሎች ተበትነው ለረጅም ጊዜ ሊያንቀላፉ ይችላሉ። በ2017 የታተመ፣ 62,923 ሴቶችን ያካተተ ጥናት አለ። ሁሉም የሆርሞን ሕክምናቸውን ለአምስት ዓመት ወስደው ያቆሙ ነበሩ። ካንሰሩ ከዚያ በኋላም እስከ ሃያኛው ዓመት ድረስ በአንዳንዶቹ ላይ በሩቅ የሰውነት ክፍል ተመልሷል፤ ዕድሉ እንደ ዕጢው ትልቅነትና ደረጃ (ግሬድ)፣ ካንሰር እንደተገኘባቸው ንፍፊቶችም ቁጥር ከ10 እስከ 41 በመቶ ይለያያል። ሐኪሟ ከአምስት ዓመት በላይ እንድትወስድ ሊመክሯት እንደሚችሉ የነገሯት ለዚህ ነው።

ይህን ቁጥር አልዘለልኩትም። ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እና ጉንዳኖቹ ተኝተው ሊሆን ይችላል ማለት ነው» አለች። ሊሆን ይችላል አልኳት። ምንም ላይኖርም ይችላል አልኳት።

ባለፈው ሳምንት ሁለቱን ገጾች ከፋይሉ ውስጥ አወጣቻቸው። መነጽሯን አደረገችና እያንዳንዱን መስመር ድምጿን አውጥታ አነበበች። የመጨረሻው ጋ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበት።

«ኢ-ካድሄሪን፣ አልታየም። ያን ቀን ያልነገርሽኝ ይሄን ነው?»

«አዎ።»

«በድምፅሽ አውቄ ነበር» አለች። ወረቀቱን አጠፈችው። ሦስት ሰዓት ሆኖ ስልኳ ጮኸ። ውኃ ቀዳችና ኪኒኗን ዋጠች።